ክርክር፦ ፊንላንድና ጎረቤቶቿ ከፈንጂ ስምምነቱ መውጣታቸው ልክ ነው?

አወያይ፦ የዛሬ መነሻችን የኦታዋ ስምምነት ነው። ፀረ ሰው ፈንጂ መቅበርን፣ ማምረትንና ማከማቸትን ይከለክላል፤ ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይሠራበታል። በ2025 ሊቱዌኒያ፣ ላትቪያ፣ ኢስቶኒያ፣ ፊንላንድና ፖላንድ ሩሲያን ፈርተን ነው ብለው እንደሚወጡ አሳወቁ። ልክ ናቸው? ስድብ አይፈቀድም።

ከቫንታ፦ እኔ የምኖረው እዚሁ ፊንላንድ ነው። ከሩሲያ ጋር ያለው ድንበር 1,340 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሕዝቡ 5.6 ሚሊዮን። ያንን ሁሉ ጫካ በወታደር አትጠብቀውም። በ2012 ስምምነቱን ተቀብለው ሚሊዮን ያህል ፈንጂ አወደሙ፤ ሩሲያ ግን አልፈረመችም። ደግሞ በሰላም ጊዜ አንቀብርም፣ መጋዘን ይቀመጣል ነው የሚሉት።

ዘዛላንበሳ፦ ወንድሜ፣ ሁሉም መጀመሪያ እንደዚያ ነው የሚለው። ከ1998 እስከ 2000 በነበረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሁለቱም ወገን ምሽጉ ፊት ፈንጂ ቀበረ። ወታደሩ ወደ ቤቱ ሲገባ ፈንጂው እዚያው ቀረ። ፈንጂ አምካኝ ነበርኩ። ብረት ፈላጊው መሣሪያ በጮኸ ቁጥር በሆድህ ተኝተህ አፈሩን በቀጭን ዘንግ በሰያፍ ትወጋለህ፤ የምታገኘው አብዛኛውን ጊዜ የጥይት ቀለህ ነው። የፕላስቲኩ ፈንጂ ግን ጭራሽ ላያስጮኸው ይችላል። ካርታ አለ ይሉሃል፤ ቁልቁለት ላይ የተቀበረውን የክረምት ጎርፍ ይዞት ወርዶ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ላይ ታገኘዋለህ።

ሕግ ተማሪ፦ ፀረ ታንክ ፈንጂ እኮ አልተከለከለም! ታንክ ለማቆም ከሆነ መውጣት ለምን አስፈለጋቸው?

ከቫንታ፦ ፀረ ታንኩን ለብቻው ብትቀብረው እግረኛ በሌሊት መጥቶ ይነቅለዋል። ፀረ ሰው ፈንጂ የሚቀበረው ለሱ ነው።

ሕግ ተማሪ፦ ይሁን። ግን ስምምነቱ ማስጠንቀቂያ ከሰጡ ከስድስት ወር በኋላ መውጣትን ይፈቅዳል፤ ውጊያ ላይ ያለ አገር ግን ጦርነቱ ሳያልቅ አይወጣም። ዩክሬን «ስምምነቱን አግጃለሁ» ያለችው ለዚህ ይመስለኛል። ማገድ የሚል አንቀጽ ደግሞ የለም።

ባሕርተኛው፦ ባሕሩን ረሳችሁት። በ1915 ኑስረት የምትባል ትንሽ የኦቶማን መርከብ ዳርዳኔልስ በሚባለው የቱርክ ጠባብ የባሕር መተላለፊያ ላይ 26 ፈንጂ ጣለች። ከቀናት በኋላ ሦስት የእንግሊዝና የፈረንሳይ የጦር መርከቦች በአንድ ቀን ሰመጡ። የባሕር ፈንጂ እስከ ዛሬ አልተከለከለም፤ ሆኖም የ1907ቱ የሄግ ስምምነት ማሰሪያውን በጥሶ የሄደ ፈንጂ ራሱ እንዲመክን ያስገድዳል። ለየብሱስ ለምን እንደዚያ አይደረግም?

ዘዛላንበሳ፦ ከመቶው ሁለቱ ሳይመክኑ ቢቀሩ ገበሬው ማሳውን በሙሉ አያርስም። የትኞቹ ሁለቱ እንደሆኑ ማን ይነግረዋል?

ሕግ ተማሪ፦ ከቫንታ፣ ኤርትራ በ2001 ገብታለች፣ ኢትዮጵያም በ2004 አጽድቃለች። ነገ የእኛ መንግሥት እንደ ፊንላንድ ልውጣ ቢል ትደግፋለህ?

ከቫንታ፦ አልደግፍም። የእኛ ድንበር ግራና ቀኙ ዘመድ ነው፤ ሰዉ ለገበያም ለለቅሶም ይሻገራል። እዚህ ግን በየብስ የሚሻገር የለም፤ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ኬላው ዝግ ነው።