በእርሾ የተቦካ ፕሬትዘል ለምን ይገረጣል?

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)
ሰላም ለሁላችሁ። በጤፍ እርሾ ፕሬትዘል (ሶዳ ውሃ ውስጥ ተነክሮ የሚጋገር የጀርመን ቋጠሮ ዳቦ) ሞክሬ ሊጡ ሶዳው ውሃ ውስጥ ተልፈሰፈሰ፣ ከኦቨን ሲወጣ ነጣ ያለ ነው፣ ጣዕሙም ይኮመጥጣል። ለ500 ግራም ፉርኖ ዱቄት አንድ ብርጭቆ እርሾ አድርጌ አሳደርኩት። በ1 ሊትር ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ አፍልቼ ነከርኩት። የአልሙኒየም ድስቱም ጠቆረ። ጥፋቱ የቱ ላይ ነው?

መልስ (ባሕር ዳር)
ከእርሾው ይጀምራል። ከጤፍ ሊጥ ላይ የሚቀዳው ቢጫ ውሃ ለእንጀራ ይሁን እንጂ ለፕሬትዘል እንዳለ አይሆንም፤ አሲዱ ብዙ ነው፣ የስንዴ ሊጥ የማንሳት ጉልበቱ ትንሽ። አሲዱ ሲበዛ ግሉተኑ (ሊጡን አያይዞ የሚይዘው የስንዴ ፕሮቲን) ይላላል፤ ሊጡ የተልፈሰፈሰው ለዚህ ነው። ብዙ ሲቆይም እርሾው ስኳሩን ስለሚጨርሰው መልኩ አይቀላም።

2 የሾርባ ማንኪያ እርሾ በ50 ግራም ፉርኖ ዱቄትና በ50 ግራም ለብ ባለ ውሃ ያቡኩ። ከዚያ ጠዋትና ማታ 30 ግራም ብቻ እያስቀሩ 75 ዱቄትና 75 ውሃ ይጨምሩበት። ከ4 እስከ 6 ሰዓት ውስጥ እጥፍ ሆኖ ኩፍ ካላለ ገና አልደረሰም፤ አይቸኩሉ። ሲደርስ 150 ግራሙ ለሊጥ፣ 30ው ለሚቀጥለው ይሆናል።

ሊጡ፦ 500 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 150 እርሾ፣ 220 ውሃ፣ 30 ያልተነጠረ ለጋ ቅቤ፣ 15 ስኳር፣ 10 ጨው። ጠንካራ ስለሆነ እጅ ያደክማል፤ ቢሆንም ውሃ አይጨምሩ። ልስልስ እስኪል 12 ደቂቃ ያሹት፣ በግማሽ ያህል ሲያብጥ (በ21 ዲግሪ 5 ሰዓት ገደማ) እያንዳንዳቸው 90 ግራም የሆኑ 10 ድቡልቡሎች ያድርጉ። መሃሉ ወፈር፣ ጫፉ ቀጠን ያለ 60 ሳንቲ ሜትር ገመድ አድርገው ይቋጥሩ። ሳይሸፈን ፍሪጅ ውስጥ ይደር፤ ላዩ ደርቆ ቆዳ ካልያዘ ውሃው ውስጥ ይፈታል።

መልስ (እንጅባራ)
በእርሾው እስማማለሁ፤ ሶዳው ግን በጣም አንሷል። በ1 ሊትር 60 ግራም ያስፈልጋል። ከዚያ የሚሻለው 100 ግራም ሶዳ በፓትራ ዘርግቶ በ130 ዲግሪ 1 ሰዓት ማድረቅ ነው፤ ወደ 65 ግራም ይወርዳል፣ ኃይሉ ግን ይጨምራል። ያንን በ2 ሊትር ውሃ ያሟሙ፤ በእጅ አይንኩት። ድስቱ የማይዝግ ብረት ይሁን፤ ሶዳ አልሙኒየምን ይበላል። ቤኪንግ ፓውደር አሲድ ስላለበት አይተካውም። ጀርመኖች የሚነክሩበት ለምግብ የተዘጋጀ ኮስቲክ ሶዳ ነው፤ ለሳሙና መሥሪያ የሚሸጠውን እንዳይሞክሩት፣ አደገኛ ነው።

25 ሰከንድ ነክረው በቀዳዳ ጭልፋ ያውጡ፣ ወፍራሙን ቦታ በምላጭ ሰንጥቀው በ220 ዲግሪ 15 ደቂቃ ይጋግሩ። ምጣድ አይሆንም፣ ከላይ ሙቀት የለውም።

ጠያቂ
እናመሰግናለን! እዚህ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፤ ችግር አለው? የፕሬትዘል ጨውስ?

መልስ (እንጅባራ)
የለውም። መልኩን የሚያመጣው ሶዳው እንጂ ፍላቱ አይደለም። ጨዉን ደረቅ የድንጋይ ጨው ፈርከስከስ አድርገው ከነከሩ በኋላ ይበትኑ፤ ጥቁር አዝሙድም ያምርበታል። የዕለቱን ብቻ ጨው ያድርጉ፤ ያደረው ላይ ጨው እርጥበት እየሳበ ላዩን ያጨማድደዋል።