ዶርዶኝ፦ የኪራይ ቤቱ ብሬከር ሌሊት ሌሊት ይወርዳል፣ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ያለነው ደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ዶርዶኝ በሚባለው አካባቢ፣ ሌዜዚ መንደር አጠገብ፣ ፈረንሳዮች «ጂት» በሚሉት የገጠር የኪራይ ቤት ነው። እስከ ቅዳሜ እንቆያለን።

ሊንኪ የሚባለው የኤሌክትሪክ ቆጣሪ የሚፈቅደው ከፍተኛ ጭነት 6 ኪሎ ቮልት አምፒር (6 ኪሎዋት ገደማ) ነው። ምድጃው 2.5 ኪሎዋት፣ ባለ 200 ሊትሩ የውሃ ማሞቂያ 2.4፣ የሻይ ማፍያው 2፤ አንድ ላይ ሲሠሩ 6.9 ስለሚሆን ቆጣሪው ይቆርጣል። ይህ ገብቶኛል፤ አንዱን አጥፍቶ የመደመር ምልክት ያለበትን ቁልፍ ቀጭ እስኪል ተጭኖ መያዝ ነው።

የጨነቀኝ የሌሊቱ ነው። የርካሹ ታሪፍ ሰዓት ደርሶ ማሞቂያው ሲነሳ፣ ሌላ ምንም ሳይሠራ፣ የሚወርደው ቆጣሪው ሳይሆን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲያፈስ የሚቆርጠው ባለ 30 ሚሊአምፒሩ መከላከያ ብሬከር ነው። ትንንሾቹን ብሬከሮች ሁሉ አውርጄ አንድ በአንድ ሳነሳ ማሞቂያው ላይ ስደርስ ብቻ ይወርዳል። ስለዚህ ጭነት በዝቶ ሳይሆን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት እያፈሰሰ ነው። አካባቢው የኖራ ድንጋይ አገር ስለሆነ ውሃው ኖራ ይበዛዋል፤ ሪዚስታንሱ (ውሃውን የሚያሞቀው ብረት) በኖራ ተሸፍኖ ተሰንጥቆ ይሆን? ወይስ ቴርሞስታቱ (ሙቀት መቆጣጠሪያው) ጋ ውሃ ገብቶ? ከውጭ ሆኖ የሚለይበት መንገድ አለ? ክዳኑን ግን አልከፍትም፤ ቤቱም የሰው ነው፣ አደጋም አለው። አከራዩ ስልክ አያነሳም።

አንድ ነገር ልጨምር። በጥንታዊ ሥዕሎቹ የታወቀው የላስኮ ዋሻ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ለጎብኚ ዝግ ነው፤ ሞንቲኛክ ያለው ላስኮ 4 ቅጂ ነው። ልጆቹ እውነተኛውን የዋሻ ሥዕል እንዲያዩ በኤሌክትሪክ ባቡር የሚገባበት የሩፊኛክ ዋሻ ይሻላል ወይስ ትኬቱ ጥቂት የሆነው ፎን ደ ጎም? የሳርላ ከተማ ገበያ ረቡዕም ስላለ ለዚያ ቀን ይዘነዋል።