የጠንቋይ ፍርድ ልብ ወለድ ለንባብ ቡድናችን ይመከር? (የቱሉ ዲምቱ ጎረቤታሞች ክርክር)

አስተባባሪው፣ ብሎክ 14
ሰላም ጎረቤቶች። ቅዳሜ ኮሚናል ቤት የጀመርነው ክርክር ስላላለቀ እዚሁ እንቀጥለው። ላልነበራችሁ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት አባላችን ለሚመጣው ወር ሁለት ሥራ ጠቁማለች። አንዱ አርተር ሚለር በ1953 ያወጣው «ዘ ክሩሲብል» የተባለ ተውኔት ነው። ሌላው የጓዴሎፕ ተወላጇ ማሪስ ኮንዴ በ1986 በፈረንሳይኛ ያሳተመችው ልብ ወለድ ነው። የሚተርከው ቲቱባ ስለምትባል ባሪያ ነው። እኛ እጅ ያለው የእንግሊዝኛው ትርጉም ነው። ሁለቱም የሚነሱት በ1692 አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ ሳሌም ላይ ከተካሄደው የጠንቋዮች ፍርድ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ጥያቄው አንድ ነው። ልጆች በሚመጡበት ቡድን እንዲህ ያለ መጽሐፍ እንምከር ወይስ ይቅርብን?

እናት፣ ብሎክ 9
ይቅርብን ነው የምለው። ልጄ 14 ዓመቷ ነው። ቡድኑ ውስጥ ያስገባኋት እኔ ነኝ። ጥንቆላ ለፈረንጅ የድሮ ታሪክ ሊሆን ይችላል። ለእኛ ግን የዛሬ ነገር ነው። እዚህ ሰፈር «መተት እፈታለሁ» ለሚል ሰው የዕቁብ ብሯን ሙሉ አስረክባ የተመለሰች ሴት አውቃለሁ። ቤቷ ፈርሷል። በነዚህ መጻሕፍት ደግሞ ጠንቋይ የተባለችው ናት የምትታዘንላት። ልጅ ሲያነብ ምን ይይዛል? «ለካ ክፉ አይደለም» ይላል። ይሄ ነው የሚያስፈራኝ።

ጠቋሚዋ፣ ብሎክ 31
እትዬ፣ ስጋትዎ ይገባኛል። አንድ ነገር ላይ ደግሞ ልክ ነዎት፣ ቅዳሜ ሳልናገር መቅረቴ ጥፋቴ ነው። የኮንዴዋ ቲቱባ ከሙታን ጋር ትነጋገራለች። ከእናቷ ሞት በኋላ ያሳደገቻት አሮጊት ቅጠል ለቅማ መፈወስን ታስተምራታለች። እናቷን የሰቀሏት ሊደፍራት የመጣውን ነጭ በቆንጨራ ስለመታች ነው። መጽሐፉ ለ14 ዓመት ልጅ ከባድ ነው። ለትልልቆቹ ይሁን።

የሚለር ተውኔት ግን ሌላ ነው። እዚያ ውስጥ ድግምት የሚሠራለት ሰው የለም። ያለው ክስ ነው። ልጃገረዶች ይጮኻሉ፣ ይወድቃሉ፣ ስም ይጠራሉ። የተጠራው ይታሰራል። በእውነተኛው ታሪክ 19 ሰው ተሰቅሏል። አንድ ሽማግሌ ቃል አልሰጥም በማለቱ ደረቱ ላይ ድንጋይ እየተጫነበት ሞቷል። እስር ቤት ውስጥ የሞቱ ቢያንስ አምስት ናቸው። አራት ዓመት ገደማ የሆናት ሕፃን ሳትቀር ታስራለች።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ይሄኛው ነው። «አዎ፣ ጠንቋይ ነኝ» ያለ አልተሰቀለም። የተሰቀለው «አይደለሁም» ብሎ የጸና ነው። ይህንን ልጄ ብታነብ ደስ ይለኛል። መዋሸት የሚያድንበት፣ እውነት የሚያስገድልበት ፍርድ ምን እንደሚመስል ታውቀው።

ወጣት፣ ብሎክ 5
እኔ ይነበብ ባይ ነኝ። በእሳት የተቃጠሉ ሴቶች ታሪክ ነው፣ መረሳት የለበትም።

የታሪክ መምህር፣ ብሎክ 22
ወንድሜ፣ ሳሌም ላይ የተቃጠለ የለም። ተሰቅለው ነው የሞቱት፣ ወንዶችም ነበሩባቸው። ማቃጠሉ በአውሮፓ ብዙ ቦታ የነበረ ነው። እዚያ ከ15ኛው እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን በጥንቆላ ተከሰው የተገደሉት ከ40 ሺህ እስከ 60 ሺህ እንደሚሆኑ ይገመታል።

ልብ ወለዱን የምፈራው ለዚህ ነው። ሰው ያነበውን ታሪክ ነው ብሎ ይይዘዋል። ሚለር ሳሌም ላይ ከተሰቀሉት አንዱን፣ ጆን ፕሮክተርን፣ የሠላሳዎቹ ጎልማሳ አድርጎ፣ ከከሳሾቹ ልጃገረዶች አንዷ ከሆነችው አቢጌል ከምትባል የ17 ዓመት ወጣት ጋር የፍቅር ግንኙነት ሰጠው። እውነተኛው ፕሮክተር 60 ዓመት ገደማው ነበር። አቢጌል ደግሞ የ11 ወይ የ12 ዓመት ልጅ ነበረች። ይሄ ትንሽ ለውጥ አይደለም። የክሱ ሁሉ መነሻ የአንዲት ቀናተኛ ወጣት በቀል ይመስላል።

በዚያ ላይ የራሳችን አለን። ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት አፄ ዘርአ ያዕቆብ (ፈላስፋው ሌላ ነው) ጥንቆላን ለማጥፋት የሄዱበትን መንገድ ዜና መዋዕላቸው ጽፎታል። ሕዝቡ በግንባሩ የሥላሴን ስም፣ በእጁ ሰይጣንን መካዱን የሚገልጽ ቃል እንዲያስጽፍ ታዘዘ። ደስክና ዲኖ የሚባሉ ጣዖታትን አምልከዋል ተብለው የንጉሡ የገዛ ልጆች ሳይቀሩ ተገረፉ። ከግርፋቱ የተነሳ የሞቱም አሉ። ይህ እያለን ለምን ሳሌም እንሄዳለን? የሚመከር ከሆነ ታሪኩ ይመከር።

ጠቋሚዋ፣ ብሎክ 31
ጋሼ፣ ዕድሜውን ስለነገሩን አመሰግናለሁ። ስናነብ ይህንን አስቀድመው ይንገሩን። ሚለር ግን ስለ 1692 ብቻ አልነበረም የሚጽፈው። ጊዜው አሜሪካ ውስጥ ኮሚኒስት የሚታደንበት ነበር። በ1956 እሱ ራሱ በምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ የሌሎችን ስም አልጠራም አለ። በዚህም ተፈረደበት፣ ፍርዱ በኋላ በ1958 ተሻረለት። ስም ጥራ፣ ትድናለህ። ያው የሳሌም ጥያቄ ነው።

ነርሷ፣ ብሎክ 17
አጭር ነገር ልጨምር። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ዓመታት ዘግይቶ እኛ ጋ ይመጣል። እስከዚያ «ማን በላው?» ሲባል ነው የሚቆየው። መድኃኒቱ አለ። ይነበብ።

የሸክላ ሠሪ ልጅ፣ ብሎክ 40
እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። መምህር «የራሳችን አለን» ሲሉ ግን አልቻልኩም።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ምጣድ፣ ጀበና፣ እንስራ ትሠራለች። ገበያ ቀን ዕቃዋን ይገዟታል። ስታልፍ ደግሞ የሕፃናቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። ቡዳ ናት ብለው ነው። ሌሊት ጅብ ትሆናለች ይሉ ነበር። እኔ ከጎኗ ነው የምተኛው። ሌሊቱን ሙሉ ወገቧን ሲያማት ነው የማውቀው።

አንድ ጊዜ የጎረቤት ልጅ ታመመ። ጭስ አጨሱበት፣ «ማነህ? ከየት መጣህ?» እያሉ አስለፈለፉት። ልጁ የእናቴን ስም ጠራ። ምን ይጥራ ታዲያ? ከተወለደ ጀምሮ ሲሰማው ያደገው ስም ነው። በሌሊት መጥተው ወሰዷት። «እንትፍ በይበት» አሏት። እንትፍ አለች። ልጁም ዳነ። መዳኑ ነው የጎዳን። እሷ እንደበላችው ማስረጃ ሆነ። ቢሞትም ያው ነበር።

ይህንን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ጠቋሚዋ የሚለርን ተውኔት ስታውሰኝ ግን ልጃገረዶቹ ስም መጥራት የሚጀምሩበት ቦታ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ወጣሁ። ሦስት መቶ ዓመት አለፈው፣ አገሩን አላውቀውም፣ ነገር ግን ያ ክፍል የኛ ጎጆ ነው።

መምህር፣ አፄ ምኒልክ በእኛ አቆጣጠር በ1900 ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸውን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። አዋጁን ሰምቻለሁ። የጎንደር ቤተ እስራኤላውያን ብረት ስለቀጠቀጡ፣ ሸክላ ስለሠሩ ቡዳ መባላቸውንም አንብቤአለሁ። አልቅሼ ግን አላውቅም። ያለቀስኩት ተውኔቱ ላይ ነው። ልብ ወለድ ያስፈልገናል የምለው ለዚህ ነው። የተከሰሰውን ሰው ጓዳ ያስገባኛል።

የታሪክ መምህር፣ ብሎክ 22
እህቴ፣ ተቃውሞዬን አነሳለሁ። ስናነብ ግን የትኛው እንደተፈጠረ፣ የትኛው እንደሆነ ለይቼ ልናገር ይፈቀድልኝ።

እናት፣ ብሎክ 9
ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የኔም እናት ሸክላ ሠሪ ስታልፍ ነጠላ ታለብሰኝ ነበር። እኔም ለልጄ አድርጌዋለሁ፣ አንድ ጊዜ።

መተት የሚሠሩ አሉ የሚለውን አልለወጥኩም። የቲቱባውንም ልጄ አታነብም። ተውኔቱን ግን እኔ ቀድሜ ላንብበው። እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለሆነ አንድ ሰው አብሮኝ ቁጭ ይበል።

የሸክላ ሠሪ ልጅ፣ ብሎክ 40
እኔ እቀመጣለሁ እትዬ። ማክሰኞ ከሥራ 11 ሰዓት እወጣለሁ።

አስተባባሪው፣ ብሎክ 14
እንግዲያው ተውኔቱ ለሁሉም፣ የኮንዴው ለአዋቂዎች ሆኖ ይመዝገብ። ያለን አንድ አንድ ቅጂ ነው። ስም መጥራት የሚጀምርበትን ክፍል ጠቋሚዋ በአማርኛ እየመለሰች ታነብልናለች። የአፄ ዘርአ ያዕቆብን ክፍል መምህሩ ያዘጋጃሉ። የቅዳሜው ሰዓት እንዳለ ነው። የኮሚናሉን ቁልፍ የያዘ ሰው ቀደም ብሎ ይምጣ።