ጥቆማ፦ ለሚጮህ ጎረምሳ ውሻ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ላላችሁ

ሰሞኑን ከደሴም ከኮምቦልቻም የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው። ውሻው ገና ዓመቱ ነው፣ የጀርመን ሼፐርድ ክልስ ነው፣ ሲጮህ ይውላል፣ ጎረቤት አኩርፏል። «ጩኸት የሚያስቆመው የአንገት ማሰሪያ የት ይገኛል?» እኔ የምጠቁመው ግን አንገቱ ላይ የሚታሰር ሳይሆን በሩ ላይ የሚሰቀል ነገር ነው፦ ማዳበሪያ።

የግቢ በራችን ባብዛኛው ፍርግርግ ነው። ቆርቆሮ አጥሩም ቀዳዳ አያጣም። ውሻው ባጃጅ ያያል፣ ተማሪ ያያል፣ ፍየል ያያል፤ ይጮሃል። አላፊው በራሱ ጉዳይ መንገዱን ይቀጥላል። ውሻው ግን «አባረርኩት» ብሎ ነው የሚቆጥረው። ቀኑን ሙሉ ሲያሸንፍ የሚውል ውሻ ለምን ዝም ይላል? ሰኞ ገበያ ስትወጡ ከእህል ነጋዴ ያገለገለ ማዳበሪያ ግዙ። አጥቡና በሩን ከመሬት ጀምሮ ከውሻው ዓይን ከፍ እስከሚል ሸፍኑት። ከበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በጣውላ ድፈኑ፤ አፍንጫውን አሾልኮ የሚጮኸው በዚያ ነው። ሸራ የበለጠ ይቆያል፣ ዋጋው ግን ይወደዳል።

ቀጥሎ ሥጋ ቤት። ትልቁን የበሬ የጉልበት አጥንት ጥሬውን ጠይቁ። የተቀቀለ አጥንት እየተሰነጠቀ አንጀት ስለሚወጋ አይሰጥም። አጥንቱ ከውሻው አፍ የሚበልጥ ይሁን። ሳንባና ጉበት ከሰጧችሁ ደግሞ ቀቅሉት። ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያለበትን ጥሬ ሳንባ የበላ ውሻ የሚያፈራው ትል ወደ ሰውም ይተላለፋል። አጥንት ለማግኘት ወሎ ጥሩ አገር ነው፤ በጾም የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ሲዘጋ የሙስሊሙ አለ። የወጥ ትራፊ ግን አይሆንም። ሽንኩርቱም ነጭ ሽንኩርቱም ለውሻ ጎጂ ነው።

መጫወቻ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ አትላኩ። ባዶ ሃይላንድ በቂ ነው። ክዳኑንና የክዳኑን ቀለበት አውጡ። የደረቀ ዳቦ በትንሽ በትንሹ ቆርሳችሁ ክተቱበትና ስጡት። እያንከባለለ፣ እየረገጠ፣ እየነከሰ ያወጣዋል። ፕላስቲኩን ቦጭቆ መዋጥ ከጀመረ ቀሙት፣ ሌላ ስጡት። ቁርሱን በሳህን ከመስጠት በዚህ መስጠት ይሻላል፤ አፉም ጭንቅላቱም ሥራ ይይዛል።

አሁን ወደ ሰው እንምጣ። የሰፈር ልጅ ከፍላችሁ ጠዋትና ማታ ውሻውን እንዲያንሸራሽርላችሁ ማድረግ፣ በእኔ ግምት፣ ከሁሉም አገልግሎት የበለጠ ገንዘቡን የሚያወጣ ነው። ልጁ ጠና ያለ ይሁን፣ ገመዱም ጠንካራ። ደሴ ከሆናችሁ ወደ ጦሳ ተራራ አቅጣጫ ዳገቱን ይዞት ይውጣ። ማስሮጡ ብቻ አይደለም፤ ቆሞ ያሽትት። ማሽተት ውሻን ያደክማል። ሰዓቱን ግን አስቡበት። ከሱብሂ ሶላት የሚመለሱ ሰዎች ውሻ ልብሳቸውን እንዳይነካቸው ይጠነቀቃሉ። መንገዱ እስኪቀል ጠብቁ፣ ወይም ገመዱን አሳጥራችሁ ዳር ያዙ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ በየዓመቱ ካልታደሰ ደግሞ ከግቢ አታስወጡት።

ቀን በሰንሰለት አስሮ ማታ መልቀቅ የለመድነው ነገር ነው። ጩኸቱን ግን ያብሰዋል። የታሰረ ውሻ መሸሽም መቅረብም አይችልም፤ የቀረው አፉ ነው።

አሠልጣኝ የምትፈልጉ ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ። አንደኛው «ወር ስጡኝ፣ አስተካክዬ እመልስላችኋለሁ» ይላል። ሁለተኛው ግቢያችሁ ድረስ መጥቶ እናንተን ጭምር ያሠለጥናል። ሁለተኛውን ያዙ። ውሻው የሚጮኸው እናንተ በር ላይ ስለሆነ መማር ያለበትም እዚያው ነው። ምን ብላችሁ ጠይቁት? «ሲጮህ ምን ታደርጋለህ?» በሉት። መልሱ ዱላ ከሆነ ሻይ አጠጥታችሁ ሸኙት።

ጩኸቱ ድንገት የጀመረ ከሆነ፣ ወይም ጆሮውን እያከከ ከሆነ፣ ቅድሚያ የእንስሳት ሐኪም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ስላለው ከየት እንደምትጀምሩ የሚነግራችሁ ባለሙያ አይጠፋም። «ይኮላሽ ይሆን?» ለሚሉ፦ ሴት ፍለጋ መዞሩን ሊቀንስ ይችላል፤ በር ላይ መጮሁን ግን ያስተወዋል ብላችሁ አትጠብቁ።

በቴሌግራም የሚሸጡት ማሰሪያዎችስ? ኤሌክትሪክ የሚነዝረውን አልመክርም። ልጅ ሲያልፍ የተነዘረ ውሻ ሕመሙን ከልጁ ጋር ሊያያይዘው ይችላል፤ ጯሂ የነበረው ተናካሽ ሊሆን ነው። ሰው የማይሰማው ቀጭን ድምፅ የሚያወጣውን ብዙ ውሾች ይለምዱታል። ገንዘቡን ለሰፈሩ ልጅ ስጡት።

በነጻ የሚሠራው ደግሞ ይህ ነው። ሲጮህ አትጩሁበት፤ አብራችሁት የምትጮሁ ነው የሚመስለው። አንዴ ረጋ ብላችሁ «በቃ» በሉ። ትንፋሽ ለመውሰድ ዝም ሲል ወዲያው የተቀቀለ እንቁላል ቁራሽ ስጡት። የዝምታውን ጊዜ ቀስ በቀስ አርዝሙት። ትኩረት ፍለጋ ከሆነ የሚጮኸው ጀርባ ስጡት። መጀመሪያ ይብስበታል፣ አትደንግጡ፤ የሚተወው ከዚያ በኋላ ነው። ሌሊት ጅብ ሸትቶት ሲጮህ ግን ተዉት፣ ሥራው ነው። ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ሕግ ይስማማ። እማማ «አንጀቴን በላው» ብለው ሲጮህ እንጀራ ከወረወሩለት ነገሩ ሁሉ እንደገና ከሀ ይጀመራል።