አመድ የመሰለ የውጭ በር፣ ቫርኒሹ ይመለሳል?

ጠያቂ፦ ሰላም ጎንደሬዎች፣ የእናቴ ቤት የውጭ በር ዋንዛ ነው፣ ዝናብና ፀሀይ እየተፈራረቀበት ታችኛው ክፍል አመድ መስሏል፣ የላዩ ቫርኒሽ ደግሞ በጥፍር ሲነኩት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። አምና አንድ አናጢ ጎማላካ የሚባለውን የእንጨት ማብረቂያ ቀባልንና ሐምሌ ላይ ነጭ ሆኖ ቁጭ። ለጥምቀት እንግዳ አለብን፣ በላዩ ደርቤ ብቀባውስ?

የአዘዞ ልጅ፦ ኧረ እንዳትደርብበት! ጎማላካ እኮ ለቤት ውስጥ ዕቃ ነው፣ ውሃ ሲነካው ይነጣል። የሚላጠውን ሁሉ በስፓቱላ አንሳ፣ ከዛ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት የዋንዛው ቀለም እስኪወጣ ፈግፍግ፣ ግራጫው ፀሀይ የበላው ስስ ሽፋን ስለሆነ ከስሩ ደህና እንጨት አለ፣ ቀጥሎ 120 ከዛ 180። በእንጨቱ መስመር ብቻ ሂድ፣ አግድም ከሄድክ ጭረቱ ቫርኒሽ ሲያርፍበት ያጋልጥሃል።

ጠያቂ፦ ስንት እጅ ልቀባ?

ማራኪ ሰፈር፦ እኔ የመስኮቶቼን 4 እጅ ነው የቀባሁት። የመጀመሪያውን በአኳራጅ አቅጥነው፣ እንጨቱ ይጠጣዋል። በየመሀሉ አሳድረህ በ220 ቀለል አርገህ እሸው። ስትገዛ ለውጭ የሚሆን ፀሀይ የሚከላከል በላቸው፣ ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ ፀሀዩ አይምርም። ቀትር ላይ ደሞ እንዳትቀባ፣ ፊኛ ያወጣል። እና የበሩን ግርጌ፣ ማንም አያየውም ብለው ይተዉታል፣ ውሃው የሚገባው ግን በዛ ነው።

ጠያቂ፦ ተባረኩ። ግርጌውን ለመቀባት ዛሬ አወለቅነው፣ እናቴ ግን ሌሊቱን ያለ በር ልናድር ነው እያለች ነው 😂