የምርቃት ሱፌን ብቻ ይዤ ስራ ጀመርኩ፣ ቀጥሎ ምን ልግዛ?

ጁኒየሩ
ሰላም ቤተሰብ። ኦዲት ድርጅት ገብቼ ስራ ከጀመርኩ ገና ትንሽ ጊዜዬ ነው፣ ከማርቆስ ነው የመጣሁት፣ ከጓደኛዬ ጋር ቤት ተጋርተን ነው የምንኖረው። ያለኝ ልብስ ያው የምርቃት ሱፌ ነው (ታውቁታላችሁ፣ ሰማያዊ ሆኖ የሚያብለጨልጨው፣ ሱሪው ቁርጭምጭሚት ሳይደርስ የሚያልቀው)፣ ሁለት ሸሚዝና ጅንስ። ጓደኛዬ ባንክ ስለገባ ዩኒፎርም ሰጥተውት ተገላግሏል፣ እኛ ጋ ግን ዩኒፎርም የለም፣ ሲኒየሮቹ ዘንጠው ነው የሚመጡት ግን ሱፍ በከረባትም አይደለም፣ መሀል ላይ የሆነ ነገር ነው እኔ ያልገባኝ። ሱፌን ስለብስ ሚዜ እመስላለሁ፣ ጅንስ ስለብስ ደግሞ ደንበኛ ቢሮ ስንሄድ ጥበቃው እኔን ብቻ ነጥሎ መታወቂያ ይጠይቀኛል ሃሃ። በሁለት ሦስት ወር ውስጥ እስከ 15 ሺህ ብር ማውጣት እችላለሁ። ሌላ ሙሉ ሱፍ ልግዛ ወይስ ምን ትላላችሁ? ቦሌ ያሉ ሱቆች ገብቼ ነበር ዋጋ ሰምቼ ወጣሁ።

ሲኒየሯ
እንኳን ደህና መጣህ ወደ ሙያው። እኔም ኦዲት ላይ ነኝና ሱፍ እንዳትገዛ ብዬ ልጀምር። ያ «መሀል ላይ ያለው ነገር» ያልከው ሱሪ፣ ሸሚዝና ለብቻው የተገዛ ኮት ነው፣ ሌላ ሚስጥር የለውም። ሁለት ደህና ሱሪ ያዝ፣ አንዱ ጥቁር ሰማያዊ አንዱ ግራጫ፣ ሸሚዝ ነጭና ውሃ ሰማያዊ፣ እነዚህ አራቱ የትኛውም ከየትኛውም ጋር ይሄዳል፣ ጠዋት ቆመህ አታስብም። ቢጫውንና አበባ ያለበትን ሸሚዝ ሁለተኛው ዓመት ላይ ትደርስበታለህ።

ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ፣ የኛ ስራ ቢሮ ብቻ እንዳይመስልህ። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ለስቶክ ቆጠራ ቃሊቲ ወይ ዱከም መጋዘን ውስጥ ትገባለህ፣ ውጪው ዝናብና ጭቃ፣ ውስጡ ደግሞ አቧራ፣ ካርቶን ላይ ወጥተህ ትቆጥራለህ፣ ከዛ በዛው ልብስ ከፋይናንስ ኃላፊው ጋር ስብሰባ ትቀመጣለህ። ስለዚህ ክሬም ሱሪ የሚባል ነገር አታስብ፣ የጫማህም ሶል ጎማ ይሁን። ብሩን ጫማ ላይ አውጣው ባይ ነኝ፣ የሀገር ውስጥ ቆዳ ጫማ እነ አንበሳ ጋ ሄደህ ብታይ ከውጪ ከሚመጣው ፕላስቲክ በብዙ ይሻልሃል፣ ሲበላም ጫማ ሰፊ ጋ ሶል ይቀየርለታል።

ቦንዳ ሱስ
15 ሺህ ይዘህ ቦሌ ምን ወሰደህ ብሮ 😂 ዶላሩ በገበያ ይመራ ከተባለ ከሐምሌ 2016 ወዲህ እኮ ያ የቱርክ ምናምን የሚሉት ሸሚዝ የሚነካ አልሆነም። መርካቶ ቦንዳ ግባ። ጠዋት ሂድ፣ አዲስ ቦንዳ የሚፈታበትን ቀን ልጆቹን ጠይቅና ስልክ ተቀበላቸው፣ ደንበኛ ከሆንክ ራሳቸው ይደውሉልሃል። ሸሚዝ ስታነሳ መጀመሪያ ኮሌታውን ገልብጠህ የታጠፈበት ጋ እይ፣ ቀጥሎ ብብቱን፣ ሱሪ ከሆነ ደግሞ ሁለቱ እግሮች የሚገናኙበት ቦታ ሳስቶ እንደሆነ ወደ ብርሃን አንስተህ እየው፣ ዚፑን ሦስት አራቴ ሳብ ሳብ አድርገው። ቁልፍ ቢጎድለው ምንም አይደለም እሱን ምክንያት አድርገህ ዋጋ ታስቀንሳለህ። እና ዘንጠህ እንዳትሄድ፣ ዋጋው አንተን አይቶ ነው የሚጠራው።

መቀስና ሜትር
እንደምን አመሻችሁ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ፒያሳ ነበርኩ በኮሪደር ልማቱ ጊዜ ተነስተን አሁን ሰፈር ውስጥ ነው የምሰራው። ልጄ፣ ያንን የምርቃት ሱፍ አትጣለው። ኮቱን ልበስና ትከሻህን እይ፣ ስፌቱ የትከሻህ አጥንት የሚያልቅበት ላይ ካረፈ ኮቱ ይድናል። ወገብ ማጥበብ፣ እጅጌ ማሳጠር የቀላል ቀላል ነው፣ ትከሻ መፍታት ግን ኮቱን እንደ አዲስ መስፋት ማለት ስለሆነ አያዋጣህም። ሱሪውን ደግሞ ገልብጠህ ከታች እጥፋቱን እይ፣ ሦስት አራት ሳንቲ ሜትር ጨርቅ ካለው ይረዝምልሃል። የሸሚዝህ እጅጌ ከኮቱ ስር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ብቅ ይበል፣ ለዛሬ ልጆች ይህንን ስናገር ጉሮሮዬ ደረቀ።

ታክሲ ውስጥ ባየሁት ቁጥር የሚያበግነኝ ነገር አለ። እጅጌ ላይ የተለጠፈው የፋብሪካ ምልክት እኮ ለሱቅ ነው የተደረገው፣ ቤትህ ስትገባ ክሩን በጥሰህ ታነሳዋለህ! ከኮቱ ጀርባ ስንጥቁ ላይ በመስቀለኛ የተወጋችው ክርም እንደዛው ትፈታለች፣ እሷ ሳትፈታ ከተቀመጥክ ኮቱ ከኋላህ እንደ ጀልባ ይወጠራል።

ጨርቅ ገዝተህ ላሰፋ ካልክ ደግሞ ሻጩ ሁሉንም ንጹህ ሱፍ ነው ይልሃል፣ ከጫፉ አንድ ክር ምዘዝና ክብሪት አስነካው። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ በጣትህ ስታሸው አመድ ሆኖ ይበተናል። ፖሊስተር ከሆነ ይቀልጥና ሲቀዘቅዝ ጠንካራ ፍሬ ይሆናል። ቅይጥ መጥፎ ነው አልልም፣ ታክሲ ለሚጋፋ ሰው እንዲያውም ቅይጡ አይጨማደድበትም። ለኮትና ሱሪ ወርዱ ሜትር ተኩል ከሆነ ሦስት ሜትር ከምናምን ይበቃሃል፣ አምስት ግዛ ካለህ ሰፊ ሽሽ።

ኧረ ተዉት
ልጁ ገና ደሞዝ ሳይለምድ ልብስ ልብስ ትሉታላችሁ። የቤት ኪራይህን ክፈል፣ እቁብ ግባ፣ ለስራህ እንጂ ለሱሪህ ማን ይከፍልሃል።

ሲኒየሯ
@ኧረ ተዉት ማንም አይከፍልም ልክ ነህ፣ ግን ሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ሄዶ የሃምሳ ዓመት ፋይናንስ ኃላፊን «ይሄ ወጪ ደረሰኝ የለውም» ሲል ሰውዬው መጀመሪያ ከእግር እስከ ራሱ ነው የሚያየው። እኔ ላይ ደርሷል። እቁቡን ግን እደግፋለሁ፣ ጫማውን ራሱ በእቁብ ይግዛው።

ፍሬ ዘ ሜክሲኮ
የወንድ ብቻ ሆነ እኮ 🙄 እኛስ? በሚቀጥለው ወር ሜክሲኮ አካባቢ ስራ ልጀምር ነው፣ ታኮ ግዴታ ነው?

ሲኒየሯ
ኧረ አይደለም የኔ ቆንጆ። በሚኒባስ ሰልፍ በታኮ ቆመሽ ከሰዓት በኋላ ማን ይሰራል። የቢሮ ጫማሽን ጠረጴዛሽ ስር አስቀምጪው፣ መንገድ ላይ ስኒከር አድርጊ፣ ግማሹ ሰው እንደዛ ነው የሚያደርገው። ቢሮ ውስጥም ቢሆን ዝቅ ያለ ታኮ ወይ ጠፍጣፋ የቆዳ ጫማ በቂ ነው። ጉርድ ስትገዢ ገበር ያለው ይሁን፣ ከሌለው ከስቶኪንግሽ ጋር እየተጣበቀ ያሳቅቅሻል። እና ጥቁር ብሌዘር አንድ፣ የአዲስ አበባን ጠዋት ታውቂዋለሽ፣ ብርድ ያንዘፈዝፍሽና ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐዩ ያቃጥልሻል፣ ስለዚህ ከውስጥ የምትለብሺው ብሌዘሩ ሲወልቅም ቢሮ የሚያስገባ መሆን አለበት። የበዓል ሰሞን ሀበሻ ልብስ ካስፈለገሽ ሽሮ ሜዳ ቀድመሽ ሂጂ፣ በዓሉ ሲደርስ ዋጋው ሌላ ነው።

ጁኒየሩ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ 🙏 ጋሼ፣ የእጅጌውን ምልክት አሁን አነሳሁት፣ ጓደኛዬም የራሱን እያነሳ ነው ሃሃ። ሱሪውን ገልብጬ አየሁት እጥፋቱ ሁለት ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ይረዝማል? ሌላው ጫማው ቡኒ ይሁን ጥቁር?

መቀስና ሜትር
ሁለት ሳንቲ ሜትር ለማስረዘም አይበቃም። ለነገሩ መፍትሄ አለው፣ ያለውን ሁሉ ዘርግቶ ከስር ሌላ ጨርቅ ገበር አድርጎ ማጠፍ ይቻላል፣ ግን የድሮው መታጠፊያ መስመር ካልለቀቀ ይታያል፣ መጀመሪያ እርጥብ ጨርቅ ደርበህ በካውያ ተኩሰውና እየው። ካልለቀቀ ሱሪውን ተወው፣ ኮቱን በግራጫው ሱሪ ልበሰው። ጫማ ጥቁር ግዛ። ቡኒ ስትገዛ ደግሞ ሊስትሮው ጋ ቁጭ ከማለትህ በፊት ብሩሹን እየው፣ በጥቁሩ ብሩሽ ይጠርግልህና ቡኒው በወሩ ይጠቁራል።