የዕቅድ ውይይት፦ የጠፋው የፓንቾ ቪላ ፊልም ምሽት

ጸሐፊዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ ፕሮፖዛሉን እዚሁ እየጨማመርን እንጻፈው። መነሻዬ ይሄ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፦ በ1914 መጀመሪያ ሚውችዋል የሚባል የአሜሪካ ፊልም ካምፓኒ ከሜክሲኮው አብዮተኛ ከፓንቾ ቪላ ጋር ተፈራርሞ ካሜራ ይዞ ጦር ሜዳ ገባ፣ ሜክሲኮ ውስጥ በኦሂናጋ ከተማ የተደረገውን ውጊያ ቀረጹ፣ ከዛ ወጣቱን ቪላ ተዋናዩ ራውል ዋልሽ ተጫውቶት የጄኔራሉን ሕይወት የሚተርክ ድምፅ አልባ ፊልም ሆኖ በዛው ዓመት ኒውዮርክ ታየ። ዛሬ ሙሉ ኮፒው የለም።

ገንዘብ ያዥ፦ ሀሳቡ ደስ ይላል ግን ለሌለ ፊልም ሰው ትኬት ይቆርጣል ወይ? ተዋናዩ አንቶኒዮ ባንዴራስ ቪላን ሆኖ የሠራውን የ2003ቱን ብናሳይስ፣ ስለዚሁ ፊልም አሠራር እኮ ነው።

ጸሐፊዋ፦ እሱን ካሳየን ሰው የሚያስታውሰው ባንዴራስን ነው፣ የጠፋው ነገር እንደገና ይሸፈናል። ለሌላ ወር ይቆይልን።

የፕሮግራም ክፍል፦ ከረቂቁ ላይ አንድ ነገር ይውጣልኝ፣ ቪላ ለካሜራው ብርሃን ሲል በቀን ብቻ ሊዋጋ ፈርሟል የሚለው። ወሬው ይጥማል ግን ውሉ ራሱ ሜክሲኮ ውስጥ ተገኝቷል እና እንደዛ የሚል አንቀጽ የለውም፣ ያለው ካምፓኒው ውጊያውን ብቻውን የመቅረጽ መብት እንዳለውና ቪላ ከገቢው 20 በመቶ እንደሚያገኝ ነው። ያልተጻፈ ነገር በኛ ስም አይሰራጭ።

የቀድሞ የሲኒማ ኦፐሬተር፦ ልጆች፣ ለኔ ትልቁ ነገር የፓዲላዎቹ ነው። ፌሊክስ ፓዲላና ልጁ ኤድመንዶ በሜክሲኮና በቴክሳስ ድንበር እየዞሩ ፊልም የሚያሳዩ ሰዎች ነበሩ፣ በ1930ዎቹ ከዚህም ከዛም ቁርጥራጭ ለቃቅመው የራሳቸውን የቪላ ፊልም ሠሩ፣ አሜሪካኖቹ ሜክሲካኑን ወንበዴ አድርገው የሳሉበትን ቀረጻ ሳይቀር በስፓኒሽ አዲስ ጽሑፍ አስገብተው ቪላን ጀግና አደረጉት። እኔ በሥራ ዘመኔ ፊልም ሲበጠስ ጫፉን በመቀስ አስተካክዬ፣ በምላጭ ፍቄ፣ ማጣበቂያ ቀብቼ በጣቴ ተጭኜ እይዘው ነበር፣ በእያንዳንዱ ቅጥል ላይ ሁለት ሦስት ፍሬም፣ ማለት ነጠላ ምስል፣ ይሄዳል፣ ስለዚህ እነዚያ ሰዎች ምን ያህል ሌሊት እንደተቀመጡበት ይገባኛል። ያ ፊልም በ2009 የአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ውስጥ ገብቷል። የምሽቱ እምብርት እሱ ይሁን።

ገንዘብ ያዥ፦ ጋሼ አሳመኑኝ። ታዲያ ፖስተሩ ላይ "የጠፋው ፊልም ተገኘ" እንበላ?

የቀድሞ ኦፐሬተር፦ አይሆንም ልጄ። አልተገኘም እኮ። የፓዲላዎቹን ሥራ በራሱ ስም እንጥራው፣ የራሱ ክብር አለው።

የፕሮግራም ክፍል፦ እስማማለሁ። መግቢያው ላይ የድሮዎቹ ፊልሞች ለምን እንደጠፉ አስር ደቂቃ እናገራለሁ፣ ያኔ ይሠሩበት የነበረው ናይትሬት የሚባለው ፊልም እሳት ከተያያዘ ውሃ ውስጥም እንደሚነድ፣ ፊልሙ ላይ ያለውን የብር ማዕድን ለማውጣት ብለው ስንቱን ኮፒ እንዳቀለጡት። ከ1912 እስከ 1929 አሜሪካ ውስጥ ከተሠሩት ወደ 11,000 ከሚጠጉ ረጃጅም ድምፅ አልባ ፊልሞች በመጀመሪያ ቅርጻቸው የተረፉት 14 በመቶ ብቻ ናቸው፣ ይሄ ቁጥር ፕሮፖዛሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይግባልኝ።

ጸሐፊዋ፦ ገብቷል። ለማሳያ ፈቃዱ ደብዳቤ እኔ እጽፋለሁ፣ ስፓኒሹን ወደ አማርኛ የሚመልስልን ሰው ደግሞ የፕሮግራም ክፍል ይፈልግ፣ ጋሼ እርስዎ መድረክ ላይ ጽሑፉን ያነቡልናል?

የቀድሞ ኦፐሬተር፦ አነባለሁ፣ ግን ፊደሉን ተለቅ አድርጋችሁ አትሙልኝ፣ አዳራሹ ጨለማ ነው።